ጋሽ ወልደየሱስ እና የማቴንጌው አልጋ

ፖሊስ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ሐኪም የሌለውም አይቻለሁ። አንድ ነገር «አይረባም» ብለህ ስትጥል ከኋላህ መጥቶ «ማን ነው አይረባም ያለው?» የሚልህ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነጽሩ በክር የታሰረ ነው። ሁልጊዜ ግን ትክክል ነው። የተሳሳተ ከመሰለህ የተሳሳትከው አንተ ነህ፤ ቸኩለህ አይተኸው ነው። የሰበረውን ብታሳየው ሊያጠነክረው ብሎ መሆኑን ይነግርሃል፤ አንተም አመስግነህ ትሄድና ቤትህ ስትደርስ ነው የሚቆጭህ።

የእኛው፣ ማለትም የኬንያዋ ሞያሌ፣ ክቡር ጋሽ ወልደየሱስ ይባላሉ። ማዕረጋቸውን በሙሉ ለመዘርዘር ቦታ አይበቃኝም እንጂ የእንጨት ሊቅ፣ የሞተር ሐኪም፣ የዝናብ ተንባይ፣ የፍየል በሽታ አማካሪ እና ማንም ያልሾማቸው የሁለቱ መንግሥታት አስታራቂ ናቸው። እንጀራቸው ግን ቶርኖ ነው። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ ዘነዘና፣ የሊጥ መዳመጫ ይቀርጻሉ። እንጨቱ ይሽከረከራል፣ እሳቸው መሮውን ያስጠጋሉ፣ ፍቅፋቂው ይበራል፣ አፋቸውም አብሮ ይሠራል።

እኔ ቦኩ እባላለሁ፤ ከሱቃቸው ጎን ባልዲ፣ ጀሪካንና ፍራሽ እሸጣለሁ። የተወለድኩት እዚሁ ነው። አማርኛዬን ያገኘሁት ከማዶ ጋር በመነገድ ነው፤ ማዶ የምንለው የኢትዮጵያዋን ሞያሌ ነው፣ በመሀላችን ያለው ኬላ ብቻ ነው። የቀረውን አማርኛ ጋሽ ወልደየሱስ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል አስተምረውኛል፣ ሳልጠይቃቸው።

የመጡት ደርግ በወደቀበት ሰሞን ከስደተኞች ጋር ነው። ሰው ልብሱንና ምግቡን ተሸክሞ ሲሸሽ እሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ መሮ ይዘው ኬላውን ተሻገሩ። አብረዋቸው ከመጡት ገሚሱ አገሩ ተመለሰ፣ ገሚሱ ወደ ናይሮቢ አለፈ። እሳቸው ከወፍጮ ቤት ጓሮ አንድ የተጣለ ሞተር አዩና ቀሩ። «የተጣለ አይደለም፣ እኔን ሲጠብቅ ነበር» ይላሉ። ዛሬ ቶርኖውን የሚያዞረው ያ ሞተር ነው፤ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። መብራታችን የሚመጣው ከማዶ ነው፣ ሲሄድም ወደ ማዶ ነው የሚሄደው። በሄደ ቁጥር ጋሽ ወልደየሱስ ወንበራቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ለምን እንደሄደ ለመንገደኛው ሁሉ ያስረዳሉ።

አንድ ቀን የተሰነጠቀ ባልዲ ልጥል ስል ያዙኝ። «ለእኔ ተወው!» አሉ። ይህች «ለእኔ ተወው» የምትለው ቃላቸው ከተማው ውስጥ ብዙ ዕቃ ፈጅታለች። ባልዲውን በቀጭን ሽቦ ሰፍተው መለሱልኝ። ውሃ ስሞላበት በስፌቱ በኩል እንደ ወንፊት አፈሰሰው።

«ያፈሳል እኮ፣ ጋሼ።»

«ታዲያስ! የአትክልት ማጠጫ ነው።»

አትክልት የለኝም። ባልዲው ግን እስካሁን አለኝ፤ ልጥለው ባነሳሁት ቁጥር በግድግዳው በኩል ሳል ይሰማል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከናይሮቢ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ወደ ዳበል የሚወስደውን መንገድ ጠየቃቸው። አያውቁትም ነበር። ይህን እኔ ዛሬ አውቃለሁ፤ ሹፌሩ ግን ያኔ በምን ይወቅ? እጃቸውን ዘርግተው፣ ድንጋዩንም ዛፉንም ጠቅሰው አስረዱት፤ ሲመሽ ቦሪ የምትባል ሌላ መንደር ተገኘ። በማግስቱ እየጮኸ ሲመለስ ረጋ ብለው «ዳበልን ማንም ያየዋል፤ አገሩን እንድታውቀው ብዬ ነው» አሉት። ሹፌሩ ትንሽ አሰበና አመስግኖ ሄደ።

ከጎዶማ ፍየል እየነዳ ገበያ የሚመጣው ወዳጃችን ሽማግሌው ጉዮ «ይህ ፉንዲ ‘አላውቅም’ ሲል ሳልሰማ አልሞትም» ብሎ በሰው ፊት ምሏል። ፉንዲ የምንለው የእጅ ባለሙያን ነው። ጉዮ ዕድሜው ገፍቷል፣ ጤናው ግን ድንቅ ነው፤ ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን።

አሁን ወደ ዛፉ ልምጣ። ማቴንጌ የበረሃ ዛፍ ነው። አሸዋ ያቆማል፣ ማገዶ ይሆናል ተብሎ በፕሮጀክት መኪና ከሩቅ አገር መጣ። እውነትም አሸዋውን አቆመ። ቀጥሎ ግጦሹን አቆመ፣ ቀጥሎ ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ አቆመ። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ቢያቃጥሉትም ያቆጠቁጣል። እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየል ይወደዋል፤ ከዚያ ጥርስ የለም።

ጉዮ አንዲት ድዷ ብቻ የቀረ ፍየል ገበያ ይዞ መጥቶ ከንፈሯን እየገለበጠ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ አሳየ።

«በዋቃ ስም እዩልኝ! ይሄ ዛፍ ነው? ሰይጣን ነው እንጂ! ለምንም አይረባም።»

ያችን የመጨረሻዋን ቃል ባይላት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የቶርኖው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ወልደየሱስ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወጡ። መጀመሪያ ፍየሏን አዩና «እርጅና ነው» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወደ ጉዮ ዞሩ።

«አይረባም ያልከው ዛፍ ለቶርኖ ነው የተፈጠረው። ለእኔ ተወው!»

«ጠማማ ነው እኮ!»

«አንተስ?»

ገበያው ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። በማግስቱ ጋሽ ወልደየሱስ በአህያ ጋሪ የማቴንጌ ግንድ አስመጡ።

እውነቱን ለመናገር ዛፉ በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ቀጥ ያለ ነገር የለውም፤ ከአንድ ጋሪ እንጨት ቶርኖ ላይ የሚወጣው አንድ እቅፍ ነው፣ እሱም ከክንድ አይረዝምም። ጥንካሬው ሌላ ነው፤ መሮውን ስለሚያደንዘው ጋሽ ወልደየሱስ ቶርኖው ፊት ከሚቆሙበት ጊዜ ሞረድ ይዘው የሚቀመጡበት በለጠ። በዚያ ላይ አንድ እሾህ በቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት አንጓ ገባ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው አበጠ፣ ትኩሳት ያዛቸው። ክሊኒክ ስወስዳቸው ለነርሷ ስለ እሾሁ መርዝ ማስተማር ጀመሩ፤ ነርሷ በመርፌ ነው ዝም ያሰኘቻቸው። እብጠቱ ጠፋ፣ ጣታቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። ቀጥ እንዳለ ቀረ። ሲያስተምሩ ከድሮም ጀምሮ ይጠቁሙበት ስለነበር ብዙ ለውጥ የለውም።

የመጀመሪያው ሥራ የተሰጠው ለማርጋሬት ነው። ማርጋሬት ከሱቃችን ፊት ለፊት ሻይና ቻፓቲ የሚባል ቂጣ የምትሸጥበት ሆቴል አላት፤ ከደጋው የኬንያ ክፍል የመጣች ናት፣ አማርኛዋን ከደንበኞቿ ነው የለቀመችው። አዲሱን መዳመጫ ተቀብላ ክብደቱን መዘነችው።

«ምዜ፣ ይሄ እንጨት ነው ወይስ ብረት?» አለች፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው።

«የማይረባው ዛፍ ነው» አሉ ሻይ ወደሚጠጣው ጉዮ በጣታቸው እየጠቆሙ።

በዚያ ሳምንት የማርጋሬት ቻፓቲ ስስና ክብ ሆነ። መዳመጫው ቡናማ ወደ ቀይ የሚያደላ ነበር፤ ዘይት ሲነካው ያበራል፣ ሲደርቅም አልተሰነጠቀም። ጉዮ ቻፓቲውን በልቶ ሌላ ደገመ። ጋሽ ወልደየሱስ ለአንድ ወቅት ያህል ከማቴንጌ ሌላ እንጨት አልነካም አሉ።

እንግዲህ የእኔ ልጅ ሀዊ የታጨችው በዚህ ወቅት ነው። ባሏ የማዶ ልጅ ነው፣ ፉፋ ይባላል፣ ጸጥ ያለ መምህር። በእኛ ቤት አልጋ የሚያወጣው የሙሽራዋ አባት ነው። እኔ ከናይሮቢ የሚመጣ፣ ራስጌው የሚያብለጨልጭ አልጋ አስቤ ነበር። በግድግዳው በኩል ሳል ተሰማ።

«ለእኔ ተወው!»

«ጋሼ፣ ይሄ ባልዲ አይደለም። የልጄ አልጋ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ሀዊ ፈረደች። ልጅ ሆና እኛ ሱቅ ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ እሳቸው ጋ ፍቅፋቂ ላይ መንከባለል ትወድ ነበር፤ እናቷ አረጋሽ ማታ ማታ ሰጋቱራውን ከፀጉሯ በማበጠሪያ ታወጣ ነበር። የመጀመሪያ እንዝርቷን፣ የመጀመሪያ የእርሳስ ማስቀመጫዋን የሠሩላት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ይህን አንስተው ተናግረው አያውቁም፣ ስለሱ ብቻ ነው ትምህርት የማይሰጡት።

«አልጋዬን ጋሼ ይሥራልኝ» አለች፤ አለቀ።

የአልጋው እግሮች ሲወጡ እኔም አፌን ያዝኩ። እንደ ጀበና አንገት ቀጠን፣ እንደ ሆዱ ሞላ ይላሉ። መሀላቸው ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ነው፤ ሆዱ ላይ ግን ጋሽ ወልደየሱስ የእንጨቱን የውጭ ዳር፣ ቅርፊቱ ስር ያለውን ነጩን ክፍል፣ ሳይልጡ እንደ ቀበቶ ትተውታል። ቀይና ነጭ። ወደድኩት። «ይህን ነጭ የሚያስቀር ሌላ ፉንዲ የለም» አሉኝ፤ እውነት ነበር፣ ለምን እንደሌለ ግን ሁለታችንም አልጠየቅንም።

አልጋውን በእጅ ጋሪ ጭነን ወደ ማዶ ስንሄድ ኬላው ላይ አንድ አስካሪ፣ ማለትም የኬንያ ጠባቂ፣ አስቆመን። ጣውላ ያለ ፈቃድ አያልፍም።

«ምዜ፣ ይሄ ምባኦ፣ ይሄ ጣውላ ምንድን ነው? ፐርሚት አለህ?»

«ማቴንጌ ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

አስካሪው መዝጊያውን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ጓደኛውንም ጠራው፤ እሱም ሳቀ። «ማቴንጌ? ኤንዳ፣ ኤንዳ ምዜ! ሂድ! ያለውን ሁሉ ውሰድልን!»

እኔ ጋሪውን ቶሎ ገፋሁ። ጋሽ ወልደየሱስ ግን ከኋላ ቀርተው ለምን ፈቃድ እንደማይጠየቁ እየተከራከሩ ነበር። ሕጋዊ ጣውላ ነው፣ እንደ ጣውላ ይፈተሽ፣ ማኅተም ይመታበት አሉ። በሕይወቴ ልፈተሽ ብሎ የሚጣላ መንገደኛ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እጃቸውን ይዤ ጎትቼ አሻገርኳቸው።

ሠርጉ አማረ። ዝናቡ መጣና ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ሀዊ ሻንጣዋን ይዛ ሱቄ ገባች፣ ፍራሾቹ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

«አባ፣ አማቴ መተተኛ ናችሁ አለችኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፉፋ እናት ወይዘሮ ጡሪ ክፍላቸውን ስትጠርግ ከአልጋው ስር ነጭ ዱቄት ታገኛለች። ትጠርገዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ አለ። እግሮቹ ባሉበት ባሉበት፣ በየማዕዘኑ፣ ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ይመስላል። ወይዘሮ ጡሪ ሌላም ማስረጃ ነበራት፦ ፉፋ ካገባ ጀምሮ የበላበትን ሳህን ራሱ ማጠብ ጀምሯል። «በጤናው የሆነ ወንድ እንዲህ አያደርግም፤ እናትሽ ናት ይህን የላከችው» አለቻት። የፉፋ አጎት አቶ ነጋ የቤተሰቡ ሽማግሌ ነው፤ እሁድ ተቀምጠን ይጣራ አለ። የዱቄቱ ነገር ካልተፈታ ሀዊ እዚያ ቤት አትመለስም።

አረጋሽ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔ ነኝ መተተኛ?» ብላ ወደ ኬላው ስትነሳ በር ላይ ቆሜ አስቀረኋት። ያን ቀን እሷ ብትሻገር ኖሮ ጋብቻው ብቻ ሳይሆን ድንበሩም ይዘጋ ነበር። ወሬው ገበያ እንዳይወርድም ፈራሁ። ስለዚህ ከእኛ በኩል ማንንም ሽማግሌ ሳልይዝ እሁድ ዕለት ሀዊንና ጋሽ ወልደየሱስን ብቻ ይዤ ተሻገርኩ። አልጋውን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ደግሞ ሳልነግራቸው ግድግዳው ነግሯቸዋል።

መንገዱን ሙሉ ሲያስረዱኝ ሄዱ።

«ኖራ ነው። ግድግዳቸው ኖራ የተቀባ ነው፣ ዝናቡ አርጥቦት ደርቆ እየረገፈ ነው። ለእኔ ተወው።»

ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለእኔ ተወው» ስትባል ሆዴ ተረጋጋ።

ወይዘሮ ጡሪ ዱቄቱን በማንኪያ እየሰበሰበች በወተት ቆርቆሮ አኑራው ነበር፤ በእጇ አልነካችውም። አቶ ነጋ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ፉፋ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል፣ ሀዊ ሻንጣዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። ጋሽ ወልደየሱስ ቆርቆሮውን ተቀብለው አሸተቱ። ከዚያ በዚያች በማትታጠፈው ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አኖሩት።

ወይዘሮ ጡሪ ጮኸች። አቶ ነጋ ከወንበሩ ተነሳ። ሁሉም ጋሽ ወልደየሱስ ጅብ እስኪሆኑ ጠበቀ።

«ጨው የለውም» አሉ።

አቶ ነጋ ደግ ሰው ነው፤ ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ፈልጎ «ምናልባት የግድግዳው ኖራ ይሆን?» አለ። ያለው ልክ መንገድ ላይ እሳቸው ያሉትን ነው! እኔ ቶሎ ቶሎ ራሴን ነቀነቅሁ። የወይዘሮ ጡሪ ፊት እንኳ ትንሽ ፈታ አለ። የቀረው ጋሽ ወልደየሱስ «ታዲያስ!» ማለት ብቻ ነበር። በሕይወታቸው ሙሉ ያሏት ቃል ናት።

አላሉም። መሬት ላይ ተኙና አልጋው ስር ገቡ። እግሮቻቸው ብቻ ወደ ውጭ ቀሩ። አንዱን የአልጋ እግር በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ሲያደርጉት ሰማሁ፣ ከዚያ ጆሯቸውን አስጠጉት። ዝም አሉ። ሌላውን አንኳኩ። አሁንም ዝም። ለብዙ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ከእሳቸው ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ ያ ነጭ ዱቄት ነበር። በር ላይ የቆመችውን ሀዊን አዩ። የልጅቷ ዓይን አብጧል።

«ኖራ አይደለም» አሉ። «ኖራ ነው ብላችሁ ብትሸኙን ነገ ጠዋት ደግሞ ትጠርጉታላችሁ። ያኔ ይህች ልጅ ማን አላት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ወይዘሮ ጡሪ።

«የእኔ ጥፋት ነው። እንጨቴ ነቅዟል። ነጩን ዳር መላጥ ነበረብኝ፣ ያምራል ብዬ ተውኩት። ተባይ እንደሚገባበት…» አሉና ቆሙ። «አላውቅም ነበር።»

ከኪሳቸው ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ መሮ አወጡ። አልጋውን በጎኑ አስተኛነው። የገዛ እጃቸውን ሥራ፣ ያን ሁሉ ያማረ ነጭ ቀበቶ፣ ፊታችን ላጡት። ውስጡ ባዶ ነበር፤ በቀዳዳ ተበሳስቶ፣ ሲነኩት በዱቄት የሚወርድ። ከአንዱ ቀዳዳ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ወድቃ ሲሚንቶው ላይ መሄድ ጀመረች።

«ይኸውላችሁ መተተኛዋ» አሉ።

ወይዘሮ ጡሪ ጎንበስ ብላ ጥንዚዛዋን እስክትጠግብ አየቻት። ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም።

«ሳህኑስ? ሳህን የምታሳጥበውም ጥንዚዛ ናት?»

ፉፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እሱ እኔ ነኝ እማዬ። ስለምወዳት ነው።»

አቶ ነጋ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ደጅ ወጣ። ወይዘሮ ጡሪ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ የሀዊን ሻንጣ ከእጇ ተቀበለቻት። «ነይ ግቢ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አለቻት። እኔ ዓይኔን ወደ ኖራው ግድግዳ አዞርኩ።

የጋሽ ወልደየሱስ ትህትናስ? ሻዩ እስኪቀርብ ብቻ ነው የቆየው። ሻዩ ሲመጣ ስለ እንጨት ተባዮች ዝርያ፣ ስለ አመጋገባቸውና ስለ ትዳራቸው ያስተምሩ ነበር፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ኬላው ላይ ያ አስካሪ «ምዜ፣ ማቴንጌ የለም ዛሬ?» ብሎ ቢቀልድባቸው ሳይመልሱ አለፉ። ሳይታመሙ አይቀሩም ብዬ ሰጋሁ።

በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው ሠሩ። አዲስ እግሮች አወጡ፣ ነጩን እስከ መጨረሻው ልጠው፤ ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ቀይ፣ ያለ ጌጥ። ይኸው እስከ ዛሬ አልጋው ስር የሚጠረግ ነገር የለም፣ ከልጅ ልጄ መጫወቻ በቀር። እና ሰው መጥቶ ማቴንጌ ለቶርኖ ይሆናል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ይሆናል እላለሁ። ጠማማ ነው፣ ይዋጋል፣ መሮ ያደነዝዛል፣ ብዙ ላይ ላዩን መላጥ አለብህ። ልቡ ጋ ከደረስክ ግን ምንም አይበላውም። ስለ ዛፉ ነው የማወራው።

ሞያሌ ውስጥ ለሰው ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ለወሬ አያስፈልግም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማርጋሬት ሆቴል ሻይ እየጠጣን፣ ጋሽ ወልደየሱስ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጉዮ ከጎዶማ ገባ። ፍየሎቹን እንኳ አላሰረም። ዱላውን ተመርኩዞ ፊቴ ቆመ።

«ቦኩ! ከማዶ ሰምቼ ነው የመጣሁት። አንተ እዚያ ነበርክ። ይህ ፉንዲ ‘አላውቅም ነበር’ አለ ወይስ አላለም?»

ማርጋሬት መዳመጫውን ሊጡ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ጋሽ ወልደየሱስ የሻይ ብርጭቋቸውን ያያሉ። ከተማው ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቋል! እኔ ራሴ፣ ያ ባልዲ እቤቴ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ! አሁን አፌ ውስጥ ነበር። ልጄ ግን ማዶ በሰላም ያደረችው በዚያው ቃል ነው።

«ማን? እሳቸው?» አልኩ። «በጭራሽ! ነጩን ሆን ብለው ነው የተዉት። ተባዩ እስከ የት እንደሚገባ ሊያዩ ነበር። ለጥናት ነው።»

ጉዮ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ ተቀመጠና ቻፓቲ አዘዘ። እንግዲህ ገና ብዙ ይኖራል ማለት ነው።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬው አሁን ገና ገባው።»

እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። ይህን በግድግዳ በኩል እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም።

ጠረጴዛው ስር አንድ እጅ እጄን ፈልጎ አገኘና አጥብቆ ያዘኝ። የማን እንደሆነ ለማየት አላጎነበስኩም፤ አንዱ ጣቱ አልታጠፈም ነበር። ትንሽ እንደያዙኝ ለቀቁኝና ብርጭቆ አያያዜ ስህተት መሆኑን ለመላው ሆቴል ማስረዳት ጀመሩ።